የጀልባ ሞተር አልነሣ ሲል

በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገርበት ጉዳይ ከፍ ያለ ፍልስፍና አይደለም። ከጀልባ ኋላ ስለሚታሠር አንድ ትንሽ ሞተርና ይኸው ሞተር አልነሣ ባለ ጊዜ ሊደረግ ስለሚገባው ነገር ነው። ጉዳዩን የመረጥነውም እኛው ራሳችን በጣና ላይ ስላፈርንበት ነው። ያፈሩበትን ነገር መደበቅ ለራስ ይመች ይሆናል፤ ለሌላው ግን አይጠቅምም።

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር አራት ሆነን በተዋስናት ጀልባ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሄድን። ሞተሩ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን የሚጠጣ ባለ ሁለት ምት ነበር። በመሄጃችን ሁሉም ደኅና ነበር። ስንመለስ ሁለት እናቶችና አንድ ሕፃን አብረውን ተሳፈሩ። ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሣ እያወቅን ዘግይተን ስለ ነበር፣ ከዳርቻው ራቅ እንዳልን ማዕበሉ ጀልባይቱን ያንገላታት ጀመር። በዚህ መካከል ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለና ቀጥ አለ።

ትምህርታችን ሊረዳን የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። ከአራታችን ሦስቱ የምሕንድስና ተማሪዎች ነን። የሞተርን አሠራር በፈተና ወረቀት ላይ ሥዕሉን ከነቀስቱ ስለን ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። ያን ዕለት ያደረግነው ግን ገመድ መሳብ ብቻ ነው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። አንዱ ቾክ የሚባለውን የአየር መዝጊያ ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል። ከአርባ ጊዜ በላይ ሳብን፤ መዳፋችን ተላጠ፤ ሕፃኑ ያለቅስ ጀመር፤ ጀልባይቱም ጎንዋን ለማዕበሉ ሰጥታ ውሃ ታስገባ ጀመር። መልሕቅ መጣል እንኳ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ስንስብ የቤንዚን ሽታ አለመኖሩን፣ በነዳጁ ቱቦ መካከል ያለችው እንቁላል መሳይ የጎማ ፓምፕም ተጨፍልቃ መቅረቷን ያስተዋለ አልነበረም። ሞተሩ ሕመሙን ይነግረን ነበር፤ የሚሰማው ግን አላገኘም።

በአጠገባችን ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ቀርበው ጀልባችንን ከጀልባቸው ጋር አሠሩ። ገመዱን አልነኩትም።

«ልጆቼ፣ ሰልባትዮው ይተነፍሳል?» ሲሉ ጠየቁን።

«አባባ፣ ቤንዚንማ ሙሉ ነው» አልናቸው።

«ሙላቱን አልጠየቅኋችሁም። ይተነፍሳል ወይ ነው ያልኩት» አሉና በሰልባትዮው ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ብሎን በሁለት ጣታቸው ፈታ አደረጓት። አየሩ እያፏጨ ገባ። ዘጌ ስንደርስ ቤንዚኑ እንዳይፈስ ብለን የዘጋናት እኛው ነበርን፤ ስንነሣ መክፈቱን ረሳነው። ሞተሩ ቤንዚኑን እየጠጣ ሲሄድ በፈንታው አየር የሚገባበት መንገድ ስለ ታጣ ነዳጁ መውረዱን አቆመ። ሽማግሌው የጎማ ፓምፗን እስክትጠነክር ድረስ ጨመቋት፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳቡት፤ ተነሣ። የተላጠ መዳፋችንን አይተው ፈገግ አሉና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለውን ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኚሁ አባት ዘንድ እየሄድን የተማርነውን፣ ከመጻሕፍትም ጋር ያስተያየነውን እነሆ በተራ እናቀርባለን።

ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ከአየር ጋር በልክ የተቀላቀለ ነዳጅ፣ በጊዜው የሚደርስ የእሳት ብልጭታ፣ በሲሊንደሩ ውስጥም በሚገባ መታመቅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ አይነሣም። የመካኒክ ሥራ የጐደለው የትኛው እንደ ሆነ ከቀላሉ ጀምሮ መጠየቅ ነው።

አንደኛው ጥያቄ መፍቻ ከመያዝ በፊት በዓይን የሚመለስ ነው። ነጂው በእጁ የሚያሥረው የደኅንነት ገመድ በቦታው ገብቷል? ይህ ከወጣ ብልጭታ የለም። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው? ብዙዎቹ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ ሳለ እንዳይነሡ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ሰልባትዮው ቤንዚን አለው? የአየር ብሎኑ ተከፍቷል? ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በደንብ ገብቷል? በጎማው ፓምፕ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ያመለክታል?

ሁለተኛው ስለ ነዳጁ ነው። የጎማውን ፓምፕ ጨምቁ። ከጠነከረ ነዳጁ ደርሷል። ብዙ ተጨምቆ ካልጠነከረ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፣ ወይም ሰልባትዮው ባዶ ነው። ተጨፍልቆ ከቀረ ከሰልባትዮው በኩል የተዘጋ ነገር አለ፤ የእኛ ጥፋት ይህ ነበር። ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት እንደ ሆነ ለማወቅ ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሳረፍ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ወራት የቆየ ቤንዚንም ኃይሉ ስለሚደክምና በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ስለሚተው ባይጠቀሙበት ይሻላል። የዘይቱ ልክ ለብዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። «ይጠቅመዋል» ብሎ መጨመር ካንዴላውን ያጠቁረዋል፤ መቀነስ ደግሞ ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ሦስተኛው ካንዴላው ነው። ካንዴላ እውነተኛ ምስክር ነው። ብዙ ጊዜ ከተሳበ በኋላ ተፈትቶ ሲታይ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መመለስ ነው። በቤንዚን የራሰ ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፤ ወይ በዝቷል፣ ወይ ብልጭታ ጠፍቷል። የበዛ እንደ ሆነ ካንዴላውን ማድረቅ፣ ቾኩን መክፈት፣ ያለ ካንዴላው ገመዱን ጥቂት ጊዜ ስቦ የተጠራቀመውን ማስወጣት ይበቃል። ብልጭታውን ለማየት የወጣውን ካንዴላ ከኮፍያው ጋር አገናኝቶ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቆ ማስነካትና ገመዱን መሳብ ነው። የሚንጣጣ ሰማያዊ ብልጭታ ደኅና ነው፤ ደካማና ቢጫ ከሆነ ካንዴላውን መለወጥ ይቀድማል። ነገር ግን ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን የምታደርጉት በየብስ ላይ፣ የፈሰሰው ቤንዚን ተጠርጎና ሽታው ከጠፋ በኋላ፣ ከካንዴላው ቀዳዳም ራቅ አድርጋችሁ ይሁን። ቤንዚን ባለበት ብልጭታ መፈለግ በራስ ላይ እሳት መለኮስ ነው።

አራተኛው መታመቁ ነው። ገመዱ ሲሳብ እጅን የሚታገል ኃይል ከሌለው፣ እንደ ልብስ ስፌት ክር ዝም ብሎ ከመጣ፣ ጉዳዩ ከጀልባ ላይ ጥገና ያለፈ ነውና ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው።

በጣና ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 15 እጅ በላይ የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይወስዳል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁረውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ቾኩን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ መዝጋት፣ ተነሥቶ እንደ ሞቀም ወዲያው መክፈት ይገባል።

ሞተሩ ከተነሣም በኋላ ከጎኑ የሚወጣውን የማቀዝቀዣ ውሃ ማየት አይረሳ። ውሃው ካልታየ ቶሎ ማጥፋት ነው፤ ውሃ የሚስበው የጎማ መዘውር ተበላሽቶ ወይም መግቢያው በአረም ተደፍኖ ይሆናል።

ሁለት ሕጎችን ደግሞ ከሁሉ በላይ እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ሞተር በውሃ መካከል ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው። ሁሉም ይቀመጥ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይልበስ፤ መልሕቅ ይጣል፣ ጥልቀቱ ካልፈቀደም አንድ ሰው መቅዘፊያ ይዞ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ያዙር። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። እኛ አራት ሆነን አራት ነገር በአንድ ጊዜ ስንነካካ ሞተሩ ቢነሣ እንኳ ለምን እንደ ተነሣ ማወቅ ባልቻልን ነበር፤ በማግስቱም ያው ችግር ይጠብቀን ነበር።

መምህሮቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በወርክሾፕ የምታሳዩን ሞተር ሁልጊዜ ደኅናው ነው። አልፎ አልፎ ሆን ብላችሁ አንድ ነገር አበላሽታችሁ፣ ምን እንደ ሆነ ሳትነግሩን፣ «እስቲ አስነሡት» በሉን። በዚያ ብንሳሳት የምናጣው ማርክ ነው። በሐይቁ ላይ ስንሳሳት ግን የሰው ሕፃን በእጃችን ነበር።