ሰፈርን ማወቅ፦ የከተማ መገልገያዎችና የማኅበረሰብ ሀብቶች እንዴት ይገኛሉ?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አንድ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ምን ምን አገልግሎት፣ ምን ምን ሀብት እንዳለ የሚያውቀው እንዴት ነው? ነባር ነዋሪ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም፤ ዕውቀቱን ሳያስበው ሲጠቀምበት ይኖራል። ጥያቄው የሚነሣው ሰው ወደማያውቀው ሰፈር ሲገባ ወይም የሚያውቀው ሰፈር ከሥሩ ሲነሣ ነው። አዲስ አበባ ባለፉት ሃያ ዓመታት ሁለቱንም በአንድነት ስታስተናግድ ስለቆየች፣ ጉዳዩ ለእኛ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን ልለይ። «መገልገያ» የምለው መንግሥትም ሆነ ነጋዴ ያቋቋመውን፣ በር ያለውንና ሰሌዳ የተለጠፈበትን አገልግሎት ነው፤ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የሸማቾች ማኅበር ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የታክሲ ተራው በዚህ ይካተታሉ። «የማኅበረሰብ ሀብት» የምለው ደግሞ ሰዎች እርስ በርስ በመተማመን የገነቡትን ነው፤ ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ጀመዓው፣ እንዲሁም በየቤቱ ያለው ሙያና ልምድ። የመጀመሪያውን ካርታ ላይ ልናገኘው እንችላለን። ሁለተኛው ግን የሚገኘው ከሰው አንደበት ብቻ ነው።

ከተማችን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ያደገችው በሰፈር ነው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር ስንል ስሙ ራሱ ማን እንደ ሰፈረ፣ በምን ሥራ እንደ ኖረ ይነግረናል። ካዛንቺስ እንኳ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ አብሮ አቋቋመ። ቀበሌ በዚያ ዘመን ያደረሰውን ሥቃይ ታሪክ መዝግቦታል፤ የምሸፋፍነው አይደለም። ከዚያ መዋቅር የቀሩ አዳራሾች፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የብዙ ሰፈሮች ዋነኛ መገልገያ ነበሩ። ከሁሉም በላይ በአነስተኛ ኪራይ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ያለውንና የሌለውን በአንድ ቅያስ አኖረ። የነባር ሰፈሮች ሀብት ከዚህ መቀራረብ የመጣ ነው። ደመወዝተኛው ዋስ ይሆናል፤ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል፤ ጉልበት ያለው ድንኳን ይተክላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ይህን ሥርዓት ለወጠው። ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች የራሳቸውን ቤት ያስገኘ ትልቅ ሥራ መሆኑ አይካድም። ይሁንና ቤቱ በዕጣ ሲደርስ ጎረቤትም በዕጣ ይደርሳል። በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ አንድ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ስለሚደነግግ ሕጋዊ ጎረቤትነት አላቸው። እውነተኛው ጎረቤትነት ግን በአዋጅ አይመጣም፤ ዓመታት ይወስዳል። እነዚያን ዓመታት ማሳጠር ይቻላል ወይ? የንግግሬ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

የዘርፉ ምሁራን በዚህ ላይ የሚጠቅሙን ሐሳቦች አሏቸው። ኬቨን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፉ የሦስት የአሜሪካ ከተሞችን ነዋሪዎች ጠይቆ፣ ሰው ከተማን በአእምሮው የሚይዘው በመንገድ፣ በጠርዝ፣ በቀጣና፣ በመጋጠሚያና በምልክት መሆኑን አሳየ። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ከመጠቀም ይልቅ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከግራር ዛፏ በስተቀኝ» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓመቱ ጄን ጄከብስ የመንገድን ደኅንነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቁት በመንገዱ ላይ ጉዳይ ያላቸው ተራ ሰዎች ዓይኖች መሆናቸውን ጻፈች። የጉሊት ነጋዴዋን፣ ሊስትሮውን፣ በረንዳ ላይ ቡና የምታፈላዋን ስናይ ነገሩ ይገባናል። በ1993 ደግሞ ክሬትዝማንና ማክናይት ማኅበረሰብን በጉድለቱ ብቻ ከመመዝገብ ይልቅ ባለው ሀብት መጀመር እንደሚገባ የሚያስረዳ መመሪያ አሳተሙ። አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት ከዚህ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል።

ከማስተምርበት ክፍል አንድ ምሳሌ ላንሣ። ተማሪዎቼን ወደ ጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ልኬ ያለውን እንዲመዘግቡ ሳዝ በመጀመሪያው ሳምንት ይዘውት የሚመጡት ዝርዝር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። መናፈሻ የለም፤ ቤተ መጻሕፍት የለም፤ የልጆች መጫወቻ የለም። ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው «ምን አለ?» የሚል ስለሆነ መላሹም የሚያስበው ሕንፃን ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄውን እንለውጣለን። «ሌሊት ልጅዎ ቢታመም ማንን ይቀሰቅሳሉ? ትርፍ ቁልፍዎ ከማን ዘንድ ነው? ለሐዘን ወንበርና ድስት ከየት ታመጣላችሁ? በርበሬ የሚፈጨውና ጤፍ የማይደባልቀው የትኛው ወፍጮ ቤት ነው? መብራት ሲጠፋ እንጀራ የት ይጋገራል?» ያን ጊዜ ሰፈሩ መናገር ይጀምራል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነርስ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ የሚያስረዱ ጡረተኛ መምህር አሉ። ለማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ታስቦ የተሠራው የጋራ መገልገያ ሕንፃ በአንዱ ሰፈር ተቆልፎ ሲገኝ፣ በሌላው ሴቶች ተራ ይዘው እንጀራ ይጋግሩበታል። በሁለቱ ሰፈሮች ያለው ሕንፃ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ሀብት ሀብት የሚሆነው ሲታወቅ ነው እላለሁ። ይህን ለማወቅ አምስት መንገዶችን እጠቁማለሁ።

አንደኛ፣ በልዩ ልዩ ሰዓት መሄድ። የጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሰፈር የረፋዱ አራት ሰዓት ሰፈር አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚሄደው፣ ረፋድ ላይ በጤና ጣቢያው ወረፋ የሚይዘው፣ ማምሻውን በጉሊቱ የሚሰበሰበው ሰው የተለያየ ነው። የእሑድ ገበያ የሚታየውም እሑድ ለሄደ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩን ከሚያውቁት መጠየቅ። እነዚህ ሁልጊዜ ሹማምንት አይደሉም። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ የእያንዳንዱን ቤት በር ያውቃል። በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን አራስ፣ ማን አልጋ ቁራኛ እንደ ሆነ ታውቃለች። የቤት ሠራተኞች የገበያውን ዋጋ፣ የውኃውን ተራ፣ የወፍጮውን ሰዓት ከአሠሪዎቻቸው ይልቅ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ሦስተኛ፣ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተከፈተ መመዝገብ። ቤተ መጻሕፍቱ መታወቂያ ይጠይቃል ወይ? ጤና ጣቢያው በተሽከርካሪ ወንበር ይገባበታል ወይ? ዕድሩ የመግቢያ ክፍያው ስንት ነው፤ ተከራይን ይቀበላል ወይ? ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የከፈተችው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታላቅ መገልገያ ነው። ሆኖም ከከተማዋ ዳርቻ በሁለት ታክሲ ለሚመጣ ተማሪ ርቀቱን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በትራንስፖርት ሂሳብና ቤት በሚገባበት ሰዓት ነው።

አራተኛ፣ አስቸኳዩን አስቀድሞ ማወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የፖሊስ ጥሪ በ991 እንደሚገኝ ብዙ ሰው ሰምቷል። አምቡላንሱ መጥቶ ብሎኩን ሲያጣው፣ ወይም በሩ በመኪና ተዘግቶ ሲያገኘው ግን የሚያድነው ዋናው መንገድ ድረስ ወጥቶ የሚመራ ጎረቤት ነው። ቁጥሩ መገልገያ ነው፤ መሪው ሰው የማኅበረሰብ ሀብት ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

አምስተኛ፣ የተመዘገበውን ለባለቤቱ መመለስ። ተማሪ ሰብስቦ፣ ውጤት አግኝቶበት መደርደሪያ ላይ የሚተወው መዝገብ ሰፈሩን አይጠቅምም። በዕድሩ ስብሰባ ቀን ተነብቦ መታረም፣ ደረጃው ሥር መለጠፍ፣ ለአዲስ ገቢ መሰጠት አለበት።

እዚህ ላይ ለዕድር ጥቂት ቃላት ልስጥ። ዕድር በዋነኛነት የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ነው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳን፣ ወንበርና የምግብ ዕቃ ያስቀምጣል። ብዙ ቦታ የወንዶችና የሴቶች ተብሎ ይለያል። ኤች አይ ቪ ኤድስ በከተማችን በበረታበት ዘመን በርካታ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መንከባከብና ወላጅ አልባ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። ይህ የሚያሳየው አንድ ተቋም አንዴ መተማመን ከገነባ ለሌላ ጉዳይም ሊውል እንደሚችል ነው።

ነገር ግን ሐሳቡን ሳናጣጥል ገደቡንም እንመልከት። የመጀመሪያው ገደብ መገለል ነው። ዕድር የሚረዳው አባሉን ነው። በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር ትናንት የመጣች ልጅ ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው፤ የሰፈሩ ሀብት ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ግን እነርሱ ናቸው። ሁለተኛው፣ «ሕዝቡ የራሱ ሀብት አለው» የሚለው አነጋገር ለመንግሥት የግዴታ ማምለጫ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ጡረተኛው መምህር ትምህርት ቤትን አይተኩም፤ ነርሷ ጎረቤትም ጤና ጣቢያ አይደለችም። ሦስተኛው፣ መመዝገብ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ያለ ፈቃድ የምትቸረችር የጉሊት ነጋዴ በካርታ ላይ መግባቷ ጥቅም ነው ወይስ መነሻ ምክንያት? ይህን የምትወስነው እርሷ ናት። ፈቃድ ያልሰጠችን ሴት ሥራ አንመዘግብም።

ወደ ዋናው ቁም ነገር ልምጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ተነሥተዋል። ከተማ መታደስ አለባት ወይስ የለባትም የሚለው የዛሬ ርእሴ አይደለም። የማተኩረው ሲነሡ ምን ይቆጠራል በሚለው ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሲለቀቅ ከንብረት ካሳ በተጨማሪ ማኅበራዊ ትስስር በመቋረጡ ለሚደርስ ጉዳትም ካሳ እንደሚከፈል ይደነግጋል። ይህ ታላቅ ቁም ነገር ነው፤ ሕጉ ጎረቤትነት ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳና ጣሪያ የሚለካ ባለሙያ ስናሠለጥን ትስስርን ማን ይለካል? ማን ለማን በዱቤ ይሰጥ እንደ ነበር፣ የማንን አረጋዊት ምሳ ማን ያቀርብ እንደ ነበር ያልተጻፈ ከሆነ፣ ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ ጠይቆ ማግኘት አይቻልም። ጎረቤታሞች በአንድ ብሎክ ይመደቡ ወይስ ይበተኑ የሚለውን ውሳኔም ለመምከር መረጃ አይኖረንም። ከዕድሯ ርቃ ሐዘን የሚደርስባት እናት ያጣችውን የምናውቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ከሩቅ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትከራዩበትን ሰፈር መዝግቡ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን መዝገብ ከዓመት ዓመት እንዲያድግ በአንድ ቋት የምናስቀምጥበትን መንገድ እንሥራ። የወረዳ አስተዳደሮች ደግሞ አዲስ ነዋሪ መታወቂያ ሊያወጣ ሲመጣ የጤና ጣቢያውን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የሸማቾች ሱቁን፣ የዕድሮቹን ዝርዝር በአንድ ገጽ ቢሰጡት ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንላለን። ጎረቤት ግን በአጠገባችን ስለሚኖር ብቻ ቅርብ አይሆንም፤ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልገዋል።