ስለ ዓባይ የተነጋገርንባቸው ሐሙሶች
(የውይይት ክበብ አባሎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ክበባችን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እየተሰበሰበ ስለ ጊዜው ጉዳይ፣ ስለ ታሪክና ስለ ባህል ይነጋገራል። ገና ሲቋቋም ከወላጆቻችን ብዙዎቹ፣ «ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው» ብለው መከሩን። ምክሩ ከፍቅርና ብዙ ከማየት የመጣ መሆኑን ስለምናውቅ አልናቅነውም። ነገር ግን እኛ ባንነጋገርበትም ወሬው በየስልኩ፣ በየታክሲውና በየቡናው እኛው ዘንድ ይመጣል። መምጣቱ ካልቀረ መምህር ባለበት ክፍል ተቀምጠን ብንቀበለው ይሻላል አልን። እንደ አጋጣሚ ሆኖ የመጀመሪያው ትልቅ ርእሳችን ኮረንቲው ራሱ ሆነ፤ ይኸውም የዓባይ ግድብ ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ መሠረት ሲጣል፣ ከእኛ መካከል ገሚሱ ጡት ያልጣለ፣ ገሚሱም ያልተወለደ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ሁላችን አየነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የእኛው የልጅነት ዘመን ነው፤ ወላጆቻችን ከደመወዛቸው ቦንድ ሲገዙ እያየን አድገናል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ነገሩን ያወቅነው መሰለን። በመጀመሪያው ሐሙስ አንዱ ተነሥቶ ሲያመሰግን ሌላው ሲያጨበጭብ ሰዓቱ አለቀ። በመጨረሻ መምህራችን ፈገግ ብለው፣ «ይህ ሠርግ ነው እንጂ ውይይት አይደለም» አሉን። ለሚመጣው ሐሙስም ግማሻችን የካይሮ ተማሮች ሆነን እንድንቀርብ አዘዙ። አነጋገራችንም የዚያ አገር ሰው ቢሰማው፣ «አዎን፣ አሳባችን ይህ ነው» እስኪል ድረስ መሆን ነበረበት።

በዚያ ሳምንት ከመጻሕፍት ቤቱ አልወጣንም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙትን ውል አነበብን። ክርክሩ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ውሉ ውኃውን ማቆምን ይከለክላል፤ በውኃው መጠቀምንም ይከለክላልን? በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብጽ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽና ሱዳን ሲዋዋሉ ኢትዮጵያ በአንዱም አልነበረችበትም። የ1952ቱን ውል ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ደመርነው። ለግብጽ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ በትነት ለሚጠፋው 10፤ ድምሩ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በዓመት አስዋን ይደርሳል ተብሎ የተቈጠረውም ውኃ ይኸው 84 ነው። ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ውኃ ከሚወርድበት አገር የተተወለት ምን እንደ ሆነ የመቀነስ ሂሳብ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ይነግራችኋል። (አንዱ ጓደኛችን የግድቡ ሐይቅ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ ሁለቱ አገሮች የተካፈሉትም 74 መሆኑን አይቶ፣ «በየዓመቱ ድርሻቸውን በሙሉ እንይዝባቸዋለን ማለት ነው!» ብሎ አስደንግጦን ነበር። የሐይቅ መጠንና የዓመት ፍሰት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት አንድ ሙሉ ሰዓት ፈጀብን።)

በተባለው ሐሙስ ከካይሮ ወገን ሆኖ የተናገረው ልጅ በደንብ ተዘጋጅቶ መጣ። ግብጽ ያለ ዓባይ ይህ ነው የሚባል ውኃ የሌላት አገር መሆንዋን ገለጠ። ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ አገራችን በረኃብ ስታልቅ፣ ግብጽን ያዳናት በአስዋን ግድብ ያጠራቀመችው ውኃ መሆኑን ተናገረ። «ድርቅ ዓመት በዓመት ቢደራረብ የላይኛው ግድብ ምን ያህል ይለቅልናል? የምንፈራው ይህን ነው» አለ። አነጋገሩ እውነተኛ ስለ ነበረ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ከቆሙት አንዱ፣ «ባንዳ!» ብሎ ጮኸ።

እኛም ሳቅን። ይህን ዛሬ በወላጆች ፊት ስንናገር እናፍራለን፤ ነገር ግን ስቀናል። ስሙም ተለጠፈበት፤ በሰልፍ ላይ፣ በኳስ ሜዳ፣ በስልክ ላይ ሳይቀር ባንዳ ተባለ። በሚቀጥለው ሐሙስ ከክበቡ ቀረ። በሳምንቱ ከትምህርትም ሁለት ቀን እንደ ቀረ ሰማን።

ከእኛ መካከል ሦስት ተመርጠን ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው አስቀመጡንና አስቀድመው አንድ ነገር ጠየቁን። «ጠበቃ በችሎት ቆሞ ለሌላው ሲናገር ማን ይሰድበዋል? እናንተው ተናገር ብላችሁ አስነሥታችሁ እናንተው ሰደባችሁት» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ ይቅርታ ጠየቅን። እርሱ ግን ከጓዳ አልወጣም። የወጣው ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ነው፤ ወጥቶም የጠየቀን፣ «መልሱን ማን አዘጋጀ?» ብሎ ነበር። ማንም አላዘጋጀም ነበርና እኔ ላዘጋጅ አለ።

በመጣውም ሐሙስ የኢትዮጵያን ወገን የተናገረው እርሱ ሆነ። እስከ ዛሬ በክበባችን የተሰማው ብርቱ ንግግር ያ ነው። የባላጋራውን ፍርሃት ስለሚያውቀው ለማይፈሩት ነገር ሲመልስ ጊዜ አላጠፋም። የኤሌክትሪክ ግድብ በትነት ከሚጠፋው በቀር ውኃውን አይጠጣውም፤ ተርባይኑን አዙሮ ወደ ታች ይለቀዋል። ቢያዝ የሚጐዳው በድርቅ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በድርቅ ዓመት ምን ያህል ይለቀቅ የሚለው ነው፤ ይህም በስምምነት የሚወሰን እንጂ የ1952ቱን ውል ለመቀበል የሚያስገድድ ምክንያት አይደለም አለ። ከኋላ የጮኸውም ልጅ ነበረ፤ እጁን አውጥቶ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም፤ እስካሁንም አልጠየቀም።

በሁሉ ነገር ተስማማን ለማለት አንደፍርም። ገሚሶቻችን አሁንም ከታችኞቹ አገሮች ጋር የሚያስር ውል መግባት እጅን ማሰር ነው እንላለን፤ ገሚሶቻችን ያለ ውል ጎረቤት እንቅልፍ አያገኝም እንላለን። አንዲት እኅታችን ደግሞ ካይሮንም ካርቱምንም ትታ ወደ አያትዋ መንደር ወሰደችን። የከፍተኛ ኃይል መስመሩ በአያትዋ ቤት አናት ላይ ያልፋል፤ አያትዋ ግን ዛሬም ኩራዝ ያበራሉ። «5,150 ሜጋ ዋት ሲባል ለእርሳቸው መቼ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች። ይህን የሚመልስ ሰነድ በመጻሕፍት ቤታችን አላገኘንም፤ ከእንግዶቻችን መካከል በመብራት ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢኖር ሐሙስ እንዲመጣልን እንለምናለን።

የሚመጣው ርእሳችን የሱዳን ወገን ነው። ከግድባችን በታች ብዙም ሳይርቅ የሮሴይረስ ግድባቸው አለ፤ ጐርፍ ቢቀንስላቸው ይጠቀማሉ፤ መረጃ በጊዜው ባይደርሳቸው ይጐዳሉ። ሁለቱን ነገር ባንድ አፍ የሚናገረው ማን እንደሚሆን ገና ዕጣ አልጣልንም። ወላጆቻችን፣ ኮረንቲውን ቀርባችሁ ለማየት ብትፈቅዱ ክፍሉ ከመጻሕፍት ቤቱ አጠገብ ያለው ነው። አግዳሚው ጥቂት ስለ ሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ትቀመጣላችሁ።