የትምህርት መብትና የማስረከቢያ ቀን፤ የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ



አንድ ሥራ ተቋራጭ ውል በሚፈርምበት ጊዜ ሁለት ነገሮች አስቀድመው ይጠየቃሉ፤ የሥራው ዝርዝርና የማስረከቢያው ቀን። መንግሥታት በዓለም አቀፍ ሰነድ ላይ ሲፈርሙ ግን ሁለተኛው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል። ደቡብ አፍሪካ ለትምህርት መብት ቀን ለመቁረጥ የደፈረች አገር በመሆኗ ጉዳይዋ በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ሊነሣ የተገባ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1966 ያጸደቀው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ግዴታና ለሁሉም በነጻ የሚሰጥ እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 14 ደግሞ ይህን ገና ያልፈጸመ አገር በሁለት ዓመት ውስጥ ዝርዝር ዕቅድ እንዲያወጣና የሚጠናቀቅበትንም ዘመን በዚያው እንዲወስን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን በ1993 ተቀብላለች። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥቷም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ በአንቀጽ 90 ግን ነገሩን «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ከሚል ሐረግ ጋር ያያይዘዋል። አቅሙን ማን እንደሚለካና በምን እንደሚለካ አልተጻፈም።

በ1996 የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ሌላ መንገድ ይዟል። ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ሕክምና ሲናገር ባለው ሀብት መጠን የሚል ገደብ ያኖራል። በአንቀጽ 29 ስለ መሠረታዊ ትምህርት ሲደነግግ ግን ማንኛውም ሰው መብቱ አለው ብሎ ያበቃል፤ ደረጃ በደረጃ የሚለው ቃል የተጻፈው ከዚያ በላይ ላለው ትምህርት ብቻ ነው። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም በ2011፣ በኳዙሉ ናታል በግል ይዞታ ላይ ስለሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በቀረበለት ክርክር፣ መብቱ ወዲያውኑ የሚፈጸም መሆኑን አረጋግጧል።

የሚያስገርመው፣ ይህችው አገር በ1994 የፈረመችውን ቃል ኪዳን እስከ 2015 ሳታጸድቀው መቆየቷ ነው። ስታጸድቀውም የትምህርቱን ድንጋጌ ባላት ሀብት መጠን ደረጃ በደረጃ እንደምትፈጽም የሚገልጽ መግለጫ አያይዛለች። በአገር ቤት ያለ ገደብ የተሰጠው መብት በውጭ ገደብ ተበጀለት ማለት ነው፤ ለወትሮው የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ቃሉን ወደ ግንብና ወደ ቧንቧ ለመለወጥ የተሞከረው በደንብ አማካይነት ነው። ኢኳል ኤጁኬሽን የተባለው የተማሪዎችና የወላጆች ንቅናቄ መንግሥትን በፍርድ ቤት ከከሰሰ በኋላ የትምህርት ሚኒስትሯ ስለ ትምህርት ቤቶች ግንባታ አነስተኛውን መለኪያ የሚወስን ደንብ በኖቬምበር 29 ቀን 2013 አወጡ። ደንቡ መሐንዲስ የሚረዳው ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ በጭቃ፣ በአዝቤስቶስ፣ በቆርቆሮ ወይም በእንጨት የተሠሩ ትምህርት ቤቶች በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲተኩ፣ ውኃ፣ መብራትና መጸዳጃ ፈጽሞ የሌላቸውም በዚያው ጊዜ እንዲያገኙ ያዛል። ተራ የጉድጓድ መጸዳጃንም ይከለክላል። ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ወር፣ በጃንዋሪ 2014፣ በሊምፖፖ አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን በትምህርት ቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሞተ።

የሦስቱ ዓመት ቀን በ2016 ደርሶ ሥራው ሳይጠናቀቅ አለፈ። ደንቡ ለራሱ ማምለጫ አኑሮ ነበርና፤ ግዴታው የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሀብትና ትብብር እስከተገኘ ድረስ ነው የሚል ንኡስ አንቀጽ ነበረው። መብራቱ የኤሌክትሪክ ድርጅቱ፣ ሕንጻው የሥራዎች መሥሪያ ቤቱ ነው እየተባለ የሚሰጠው ምክንያት ለዚህ ማኅበር አባላት እንግዳ አይደለም። የቢሾ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ይህን ንኡስ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይጣጣም ነው ሲል ውድቅ አደረገው። መንግሥት አንድ ነውና አንዱ መሥሪያ ቤት በሌላው ማመካኘት አይችልም የሚለው የከሳሾቹ ክርክር ሰሚ አገኘ።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። በ2024 ደንቡ ተሻሻለ። የመማሪያ ክፍሎች፣ የውኃና የመጸዳጃ መለኪያዎች በደንቡ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። የማጠናቀቂያ ጊዜዎቹ ግን ተሰርዘዋል።