ጋንጃ ከልጆቻችን አእምሮ ቀስ እያለ ስለሚወስደው ነገር

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ርዕስ ከቁጠባና ከብድር ወጣ ያለ ነው። እኛ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ነን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን በቅርቡ ብድር ከጠየቁን እህቶች መካከል ለልጃቸው አስጠኚ ለመቅጠር የፈለጉ በርከት ብለዋል። «ድሮ ጎበዝ ነበር፤ አሁን ያጠናው አልያዝ አለው» ሲሉ ደጋግመን ሰማን። ከእነሱም አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጁ ጋንጃ እንደሚያጨስ ነገሩን። ያነበብነውን ይዘን የቀረብነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋንጃ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው እብደትን ነው። ልጁ ጨርቁን ጥሎ ካልሄደ «ደህና ነው፣ ያልፍለታል» እንላለን። በለጋ ዕድሜው ጀምሮ አብዝቶ የሚያጨስ ሰው ለከባድ የአእምሮ ሕመም የመጋለጥ ዕድሉ ከፍ እንደሚል ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ይህን አንክድም። ብዙውን ልጅ የሚጎዳው ግን ድምፅ የሌለው ነገር ነው። በሒሳብ ሥራ የእርጅና ቅናሽ የምንለው አለ። ማሽኑ አልተሰበረም፣ ሲሠራ ይውላል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ግን ዋጋው ወርዶ እናገኘዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጋንጃ ውስጥ ቲ ኤች ሲ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የሚያሰክረው እሱ ነው። አንጎላችን ውስጥ ደግሞ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ፤ ዛሬ የሰማነው ነገ እንዲታወሰን የሚያደርገው በዋናነት እሱ ነው። ቲ ኤች ሲ እዚያ ገብቶ ሥራውን ያውካል። ስለዚህ ያጨሰ ልጅ የአያቱን ስም አይረሳም፤ የድሮው ሁሉ በቦታው አለ። የሚጠፋው አሁን የተነገረው ነው። ደረሰኙ ተቆርጧል፣ መዝገብ ላይ ግን አልሰፈረም። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ስካሩ ሲያልፍ ነገሩም ይስተካከላል። ጥያቄው በየቀኑ ለዓመታት ሲሆን ምን ይተርፋል የሚለው ነው።

ይህን በረጅሙ ከተከታተሉት ጥናቶች አንዱ በኒውዚላንድ፣ በደኒደን ከተማ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን ከልጅነታቸው ጀምረው ተከታተሏቸው። የአእምሮ ችሎታቸውን ማንም ማጨስ ሳይጀምር በልጅነታቸው፣ እንደገናም በ38 ዓመታቸው ለኩ። ውጤቱ የወጣው በ2012 ነው። በአፍላ ዕድሜ ጀምረው ለዓመታት ያልተላቀቁት በአማካይ ወደ 8 ነጥብ ቀንሰው ተገኙ። 8 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። መቶ ሰው እንደ ችሎታው ብናሰልፍ፣ መሐል ቆሞ 50 ሰው ይበልጥ የነበረው አሁን የሚበልጠው 29 ያህሉን ብቻ ነው ማለት ነው። ካደጉ በኋላ የጀመሩት ላይ እንዲህ ያለ መውረድ አልታየም። በልጅነታቸው ከጀመሩት መካከል ኋላ የተዉትም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም። እኛን ያስደነገጠን ደግሞ ሌላ ነው፦ በቅርብ የሚያውቋቸው ሰዎች ሲጠየቁ፣ እነዚህ ሰዎች እንደሚረሱና ሐሳባቸው እንደሚበተን ተናገሩ። የቅርብ ሰው ያየዋል ማለት ነው።

የሚከራከሩም አሉ። በ2016 በአሜሪካ መንታ ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን ያነጻጸረ ጥናት፣ የሚያጨሰው ከማያጨሰው መንትያው ይበልጥ እንዳልወረደ አሳይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የጋንጃ ሳይሆን የቤቱና የአካባቢውም ሊሆን ይችላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ግን ሰዎችን 25 ዓመት ተከታትሎ፣ ብዙ ዓመት ያጨሱት የተነገራቸውን ቃላት በማስታወስ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አገኘ። ሒሳቡ አልተዘጋም ብለን ብናስብም፣ ልጃችንን መሞከሪያ የምናደርግበት ምክንያት አይታየንም።

ልጆቹ «ውጭ አገር ተፈቅዷል» ይሉናል። እውነት ነው፣ ካናዳ በ2018 ፈቅዳለች፤ በአሜሪካም ብዙ ግዛቶች ፈቅደዋል። ነገር ግን ለመዝናኛ የፈቀዱት የአሜሪካ ግዛቶች ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አይሸጡም። የፈቀደውም አገር ለልጅ አልፈቀደም፤ ይህን መልስ ያዙልን። («ከጫት ይሻላል» ለሚለው መልሱ ሁለቱንም መተው ነው።)

አሁን ተስፋ ወዳለበት እንምጣ። በ2018 በቦስተን ሐኪሞች፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 የሆኑ 88 አጫሾችን ወስደው አብዛኞቹን ለ30 ቀን እንዲያቆሙ አደረጉ። ያቆሙት አዲስ ነገር የመያዝ ችሎታቸው ተሻሻለ፤ አብዛኛውም ለውጥ በመጀመሪያው ሳምንት የታየ ነው። ትኩረታቸው ግን በወሩ ውስጥ አልተሻሻለም፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አይመለስም። ቢሆንም አንዲት እናት ልጇን አንድ ሳምንት እንኳ ብታስቆመው በከንቱ አልደከመችም።

ለዚህ ነው መደበቁ የሚያሳስበን። በአገራችን ሕግ የተከለከለ ስለሆነ እናት ፖሊስን ትፈራለች፤ ጎረቤትንም ታፍራለች። አባት ሲሰማ ልጁን ከቤት ያባርራል። የተባረረ ልጅ የሚሄደው ከሚያጨሱት ጋር ነው። እኛ ቤት ውስጥ እንዳለ እንድንይዘው እንመክራለን። ልኩት፦ ሦስት ዕቃ አዛችሁት ሁለቱን ረስቶ ከመጣ፣ ይህም አንዴ ሳይሆን ወሩን ሙሉ ከሆነ፣ «ዝንጉ ሆነ» ብላችሁ አትለፉት። እርግጥ እንቅልፍ ማጣትም፣ ጭንቀትም፣ ሕመምም ያዘነጋል፤ ስለዚህ ከመክሰሳችሁ በፊት ረጋ ብላችሁ ጠይቁት። ዕድሜው 15 ከሆነ ደግሞ «ማትሪክ ይለፍና» ብላችሁ አታቆዩት።

ጠበል የምትወስደው ትውሰደው፤ ጠበሉ ሐኪም ማየትን አይከለክልም። አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሌላ የጤና ተቋም መሄድ ይቻላል። በስብሰባ ላይ መናገር የማትፈልግ እህት ቁጠባ በምንሰበስብበት ቀን ለብቻዋ ታግኘን፤ ከመካከላችን አንዳችን አብረናት እንሄዳለን። የታክሲውን ከመረዳጃው ሣጥን ለመክፈል ኮሚቴው ተስማምቷል። መዝገቡ ላይ የምንጽፈው «ትራንስፖርት» ብቻ ነው።