ሽንፈትን የለመደ ደጋፊ ምን ያተርፋል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን ሰው የሚያነሣው ያገኘውን እንጂ ያመለጠውን አይደለም። እኛ ግን የቢታ ገነት የኳስ ወዳጆች ነን። የኳስ ወዳጅ ደግሞ ከሚያየው ድል የሚያየው ሽንፈት ይበዛልና፣ ደኅና አድርገን ስለምናውቀው ነገር ብንናገር ይሻላል ብለን ይህን ርእስ መረጥን። ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ነበር። ውድድሩን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከእኛ ጋር ሊጋጠም የነበረው የደቡብ አፍሪካ ቡድን፣ መንግሥቱ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይሰለፉ በመከልከሉ ከውድድሩ ስለ ወጣ፣ የኢትዮጵያ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ለዋንጫ ደረሰ። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ተጋጥሞ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ተጫዋች ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲያወሳ «ከአፍሪካ ሁለተኛ ወጣን» ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን የተጫወቱት ቡድኖች ሦስት ብቻ እንደ ነበሩ፣ እኛም አንድ ግብ እንኳ እንዳላገባን አብሮ መናገር ይገባል። ሽንፈትን አስጊጦ መናገር የጠቀመው ሰው የለም።

በ1951 ዓ.ም. ውድድሩ በካይሮ ተደረገ። ቡድናችን እንደ ገና ከግብፅ ጋር ተጋጠመና እንደ ገና 4 ለ 0 ተሸነፈ። ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈችን። እንግዲህ በሁለት ውድድር በግብፅ ብቻ ስምንት ግብ ሲገባብን እኛ አንድም አላገባንም። በዚያን ጊዜ «ይህ ጨዋታ ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ ቤቱ የገባ ደጋፊ ቢኖር ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ቡድናችን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፎ ለፍጻሜ ሲደርስ፣ በወዲያ በኩል የቆመችው ያችው ግብፅ ነበረች። ጥር 13 ቀን በተደረገው ጨዋታ ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። የሕዝቡ እልልታ ገና ሳያበቃ በ75ኛው ደቂቃ ግብፅ እንደ ገና አገባች። በ84ኛው ደቂቃ የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ልብ በሉ፤ ያ ቡድን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ተመርቷል። በተለይ አቻ ከሆነ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ገና መመራት ጉልበት የሚያጥፍ ነገር ነው። ቢሆንም ከዚህ የባሰውን በካርቱምና በካይሮ ላየ ቡድን አንድ ግብ መከተል የዓለም መጨረሻ አልመሰለውም። በእኛ አስተያየት የ1954 ዋንጫ ሥሩ ያለው በ1949 እና በ1951 ሽንፈት ውስጥ ነው።

ሽንፈት ሁሉ ግን ዋንጫ ያፈራል ማለታችን አይደለም። በጥር 1960 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባና በአስመራ ሲደረግ ቡድናችን ዑጋንዳን፣ አይቮሪ ኮስትንና አልጄሪያን ተራ በተራ አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያም በተጨማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በኋላም ኮንጎዎች ጋናን 1 ለ 0 አሸንፈው በገዛ ከተማችን ዋንጫውን አነሡ። ከዚህ ሽንፈት በኋላ የመጣው ድል አይደለም። በ1962 በሱዳን ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፤ በ1968 በአገራችን ላይ ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን፤ በ1974 በሊቢያ አንድ ግብ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያም 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ራቅን። በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ውድድር በ1980፣ በ1994፣ በ1997 እና በ1998 ዋንጫ ማግኘታችን ባይረሳም፣ ከ1954 ወዲህ ባሉት ስድሳ ዓመታት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰን አናውቅም።

የእኛ ዕድሜ ልጆች ከታላላቆቻችን አፍ ሲነገር እየሰማን ያደግነው የ2005 እና የ2006 ወሬ ነው። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ከተመለሰ በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ የ31 ዓመቱን በር ከፈተ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናንና ደቡብ አፍሪካን አሸነፈ። ሕዝቡ በየመንገዱ ሲጨፍር ሳለ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች በቦትስዋና ጨዋታ ተሰልፎ ነበርና ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ቡድኑ ግን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ።

ከዓለም ዋንጫ የሚለዩን ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ ናይጄሪያን መራናት። በ67ኛው ደቂቃ አቻ ሆኑ፤ በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አሸነፉን። ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈን ነገሩ አበቃ።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስናያቸው ሽንፈት ሦስት ዓይነት ሆኖ አገኘነው። አንደኛው ከበለጠ ጋር ተጋጥሞ መሸነፍ ነው፤ መድኃኒቱ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሰዓቱ ሲያልቅ መሸነፍ ነው፤ መድኃኒቱ ልብና ትንፋሽ ነው። ሦስተኛው በሜዳ አሸንፎ በወረቀት መሸነፍ ነው፤ መድኃኒቱ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ሁሉንም «ዕድላችን ነው» በሚል አንድ ስም የሚጠራ ደጋፊ መድኃኒቱን አያገኝም። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የትምህርት ቤታችን ቡድን በእኛ ዘመን ሦስት ጊዜ ለዋንጫ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ሌሎች ሲያነሡት አይቶ ተመልሷል። መጀመሪያ 3 ለ 0፣ ቀጥሎ በመጨረሻው ደቂቃ 1 ለ 0፣ በሦስተኛው በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን። በየጊዜው ከመኪና ላይ ስንወርድ የጠበቀን ወሬ ግን አንድ ነበር፤ «ዘንድሮም?» ይሉናል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ሆኖም ከሦስቱ ውጤቶች የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር አንድ እንዳልሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ያላችሁ አባቶች ስለ ቡና ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የተተከለ ችግኝ ሦስትና አራት ዓመት ሳያፈራ ይቆያል። አበባ አውጥቶ ዝናብ ቢቀርበት አበባው ይረግፋል። ነገር ግን አበባው ረገፈ ብሎ ግንዱን የሚነቅል የከፋ ገበሬ አላየንም። ዙሪያውን ያርማል፣ ጥላውን ያስተካክላል፣ የሚመጣውንም ዓመት ይጠብቃል። ደጋፊም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

ይህንንም የምንለው ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽ ውጤት ያገኙት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ «ዘንድሮም?» የሚለውን ጥያቄ ሰምተዋል። አሁን ወረፋው የእኛ ነው። እኛም በዚያ በር እንግባ ወይም እንመለስ ገና አይታወቅም። ወላጆቻችንን የምንለምናችሁ ይህን ነው፤ ብናልፍ እልል በሉልን፤ ባናልፍ ደግሞ በየትኛው ዓይነት ሽንፈት እንደ ተሸነፍን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ መርምሩ እንጂ ግንዱን አትንቀሉት።

ለዘጠነኛ ክፍል ታናናሾቻችን የምንተውላችሁ ዋንጫ የለንም። አንድ ደብተር ግን አለን። በእርሱ ውስጥ የሦስቱ የዋንጫ ጨዋታዎች ግብ በስንተኛው ደቂቃ እንደ ገባ፣ ማን እንደ ደከመ፣ የትኛው ፍጹም ቅጣት ምት ወዴት እንደ ተመታ ሳይቀባባ ተጽፏል። ዛሬ ለቡድኑ አለቃ እናስረክባለን። አንብቡት፤ የጎደለውንም ጨምሩበት። የሚመጣው ዓመት ውድድር ሲደርስ እኛ የትም ብንሆን ውጤቱን ጠይቀን እንሰማለን።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን።