ያገለገለ አውቶሞቢል ገዢና የእንጦጦ ዳገት

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ቀላል መስሎ ብዙ ቤተ ሰብ ለጸጸት የሚዳርግ ነው። ይኸውም ከውጭ አገር የመጣ፣ በሌላ ሰው እጅ ያገለገለና ዋጋው ዝቅ ያለ የቤት አውቶሞቢል ከመግዛት በፊት እንዴት መመርመር እንደሚገባ ነው። መምህሩ ከደመወዙ የቆጠበውን፣ ነርሷ የዕቁብ ዕጣ የወጣላትን፣ ቸርቻሪው ከሱቁ ያተረፈውን ይዘው መገናኛ አካባቢ ከደላላ ጋር ሲቆሙ፣ ብዙ ዓመት የፈጀ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእጃቸው ሊወጣ ነውና ነገሩ ማስተዋልን ይሻል።

ጥንቃቄው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ ከባድ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት እነቶዮታ ኮሮላና እነያሪስ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይኖራሉ። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ቀለማቸው ይታደሳል፤ የደረሰባቸው ነገር ግን ይበልጥ እየተሰወረ ይሄዳል። የገዢው ተግባር ይህን የተሰወረ ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚደረገው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ቀጠሮው ማለዳ ይሁን፤ ገዢው ከመድረሱ በፊትም ሞተሩ እንዳይነሣ ያሳስብ። እንደ ደረሰም ከሰላምታ ቀጥሎ እጁን በኮፈኑ ላይ ያሳርፍ። ሞቆ ካገኘው ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ሞተሩ ሲነሣ የሚያወጣው ጢስ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስቶኑ ፋሻ አልቆ ይሆናል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በየካ ብርድ በማለዳ የሚታየው ስስ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ አያሳስብም። ወፍራም ነጭ ጢስ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ መሆኑን ያመለክታል። የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ገልብጣችሁ ስታዩት ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከተለጠፈበት ጥርጣሬው ይበረታል።

ቀጥሎ አካሉ ይታያል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በበሮቹና በጎማ መሸፈኛዎቹ ላይ ማስጠጋት ነው። ማግኔቱ ላሜራውን አጥብቆ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው፤ ያ ቦታ አንድ ቀን ተመትቷል ማለት ነው። በበርና በበር መካከል ያለው ክፍተት ከግራና ከቀኝ እኩል መሆኑ፣ በመስኮቱ ጎማ ላይ የቀለም ፍንጣቂ አለመኖሩ፣ የኮፈኑ ብሎኖች በመፍቻ ያልተነካኩ መሆናቸው ይመርመር። መቁጠሪያው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬኑ መርገጫ ጎማ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ መሪውም በእጅ ብዛት ከለሰለሰ፣ ከቁጥሩ ይልቅ ጎማውን ማመን ይሻላል። ሌላም ምልክት አለ። በመንገድ ጎማዎቹ ጎን የተሠራበትን ጊዜ የሚናገር ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 3518 የሚል ቢገኝ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ያስረዳል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት መኪናው በቆመበት የሚደረገውን ነው። ዋናው ፈተና ግን በጉዞ ላይ ነው፤ በዚህም የየካና የእንጦጦ ሥር ነዋሪ ከሌላው ይልቅ የታደለ ነው። ሻጭ ብዙውን ጊዜ ገዢውን የሚወስደው ለጥ ባለ አስፋልት ነው። እናንተ ግን መንገዱን ራሳችሁ ምረጡ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለ ሰው የሰፈሩ አቀበት ለመነሻ ይበቃዋል። ሙሉውን ፈተና የሚሻ ደግሞ በቀበናና በስድስት ኪሎ አድርጎ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ይውጣ።

ዳገቱ የሚመረምረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በአየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍ በተባለ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በከተማው ውስጥ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን፣ በእንጦጦ አናት ከአራት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ስለዚህ ጤነኛው ትንሽ ሞተር እንኳ ያቃስታል፤ ይህ ነውር አይደለም። የደከመው ግን በባሕር ዳር ከተማ ሊሸሽገው የሚችለውን ድካም እዚህ መሸሸግ አይችልም። ካርቡራተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች ለዝቅተኛ ቦታ እንደ ተስተካከሉ ከቀሩ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛባቸውና ጥቁር ጢስ ያወጣሉ፤ ይህ በማስተካከል የሚድን ነው።

ሁለተኛው በሙቀት ነው። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ በ92፣ በእንጦጦ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ጤነኛ መኪና ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ክዳኑ ካረጀ፣ ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነ፣ ወይም ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ከቀረ ግን ጠቋሚው ከሽሮ ሜዳ በላይ መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ በጉዞው ሁሉ አንድ ዓይን ከሙቀት ጠቋሚው አይለይ። መኪናው እንደ ቆመም ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ፤ የታፈነው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል። ፍሪሲዮኑ የሚታወቀውም በዚሁ ዳገት ነው፤ ቤንዚን ሲሰጡት የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

ከአናቱ ደርሳችሁ መኪናው ሽቅብ እንዳቆመ የእጅ ፍሬኑን ያዙና ይንሸራተት እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ በከባድ ማርሽ ዝግ ብላችሁ ውረዱ። መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚስብ፣ መሪው የሚንቀጠቀጥ፣ መርገጫው ቀስ በቀስ የሚሰጥም ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስላችሁ ፍሬኑ ሳይሠራ ገንዘብ አትክፈሉ። በዚያ ቁልቁለት እግረኛ፣ ተማሪና የተጫነ አህያ አብረው ይወርዳሉ። የሞተር ጉድለት የገዢውን ኪስ ይጎዳል፤ የፍሬን ጉድለት ግን የማያውቀውን ሰው ነፍስ ያጠፋል። ሙከራውም ልጆችን ሳይጭኑ፣ መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ የታመነ መካኒክ ይዞ ቢሆን ይመረጣል። የመካኒኩን ዋጋ ገዢው ይክፈል፤ ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ ሰው ነው።

መኪናው ከዳገቱ በደኅና ቢመለስ ወረቀቱ ይቀራል። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የተቆረጠ፣ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካያችሁ እዚያው ተዉት። መኪናው ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት ዕገዳ ነፃ መሆኑን ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ስም ሳያዛውሩ በውክልና ብቻ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ በመሠረቱም ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ያን ጊዜ ገዢው መኪናውን እየነዳ ባለቤትነቱን ለማስረዳት በፍርድ ቤት ይንከራተታል። ስለዚህ ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ተፈራረሙ፤ ስሙንም ሳትዘገዩ አዛውሩ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ገዢውም የተረከበውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ በግልጽ ለሚታይ ጉድለትም ሻጩን ዋስ አያደርገውም። ሕጉ የሚረዳው ዓይኑን የገለጠውን ገዢ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሻጩ በቃል የሚምለውን ሁሉ በውሉ ውስጥ አስጽፉ።

በመጨረሻም፣ ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለዋጋው አታውሉ። ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ ያረጀ ቺንጋ ሳይበጠስ በአዲስ መተካት፣ ፍሬን ማሠራት ከግዢው ማግሥት የሚመጡ ወጪዎች ናቸውና ለእነርሱ አስቀሩ። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ቢያጣድፋችሁ መልሳችሁ «እንግዲያው እርሱ ይግዛው» የሚል ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በመኪና ግዢ ግን የፈሰሰው ብዙ ጊዜ አይለቀምም። እየተመላለሱ ሦስት መኪና አይቶ ሦስቱንም ትቶ የሄደ ሰው ምንም አልከሰረም።