የሆስፒታል ክፍል አየር



ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ ልንጠይቅ እንሄዳለን። ገና ስንገባ «ኧረ ብርድ ይመታዋል!» ብለን መስኮቱን እንዘጋለን። ለደግ ብለን ነው። ነገር ግን በዚያው ክፍል የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ የምንለው፣ የያዘው ሰው ሊኖር ይችላል።

ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው። በሽተኛው ሲያስል በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ይወጣሉ። ጀርሙ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ቶሎ መሬት አይወድቁም፤ በተዘጋ ክፍል ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። አስታማሚውም፣ ነርሷም፣ አጠገቡ የተኛውም ይተነፍሷቸዋል።

በፔሩ አገር፣ በሊማ ከተማ ሆስፒታሎች ይህ ነገር ተለካ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በአንድ ሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። ደግሞ የሚገርመው፣ ከ1950 በፊት የተሠሩት አሮጌ ክፍሎች ከአዲሶቹ በለጡ! ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ ነዋ።

አንድ መስኮት ብቻ ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ፊት ለፊት ያለውም ይከፈት፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። በሽተኛው ከበረደው ጋቢ ደርቡለት። የሚያስል ሰውም አፉን በነጠላው ጫፍ ይሸፍን።